ከኒሙ ሥር የነበረው የወረቀት ጆንያ

ባለፈው ሳምንት አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ለውዝ ገዛሁ። ይሄ ምኑ ይወራል ትሉ ይሆናል፤ ለውዙማ ለውዝ ነው፣ ግማሹ ያረረ፣ ግማሹ ጥሬ። ያስገረመኝ በወረቀት መሰጠቱ ነው። ሽንኩርቱም፣ በርበሬውም፣ ሁለት ሎሚውም በፌስታል በሚንጠለጠልበት በዚህ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ገጽ በጣቶቿ ጠምዝዛ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ቀልብሳ፣ ለውዙን እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥቅልል ሳላነብ በልቼ አላውቅም። ሰው በክርኑ ይገፋኛል፣ ረዳቱ «ደራ! አሰላ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል፣ እኔ መሀል መንገድ ላይ ተገትሬ ወረቀቱን አዟዙሬ አነባለሁ። የሕፃን ጽሕፈት ነው፤ ፊደሎቹ ከመስመር መስመር እየዘለሉ የሚጫወቱ ይመስላሉ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ያ ሽታ መጣ፤ ትንሽ ላምባ፣ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጆንያ። እዚያው በቆምኩበት ሃያ ስምንት ዓመቴ ተንዶ አሥራ አንድ ሆነ።

ቤታችን ናዝሬት ነበር። ያኔ አዳማ የሚላት ኦሮምኛ የሚያወራው ሰው ብቻ ነበር፤ እናቴም አንዷ ነበረች፣ ከወለጋ ነው የመጣችው። ጋሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ጀርባ፣ የጭቃ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ ቋ ቋ እያለ ከራሱ ጋር የሚያወራ ቤት፣ ከፊት ለፊቱ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ከተማው በሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄዳል፤ አቧራው ከፈረሶቹ ኮቴ ሥር ተነስቶ እየተሽከረከረ ሰማይ ሲነካ፣ እኔ ከኒሙ ቅርንጫፍ ላይ ሆኜ ሰዎቹ ቀሚስና ባርኔጣቸውን ጨብጠው ሲንደፋደፉ አይና ብቻዬን እስቃለሁ። ትምህርት ቤት አልወድም፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልወድም፣ ቆሞ መጠበቅ አልወድም። እማዬ «ይቺ ልጅ ውስጧ ንፋስ ገብቷል» ትል ነበር።

ከኒሙ ሥር አራት ዕቃ ነበር። ከነዚህ ከአራቱ በላይ በልጅነቴ የጠላሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። አፉ የተሸረፈ ገንቦ ለአመድ፤ እጀታው የወለቀ ባልዲ ለልጣጭ፤ የብርቱካን ሳጥን ለቆርቆሮና ለጠርሙስ፤ ጆንያ ለወረቀት። አመዱ ድስት ይፈተግበታል፣ የተረፈው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥና የፓፓያው ግርጌ ይደፋል። ባልዲው የጎረቤታችን የባለጋሪው ፈረስ የቡላ ነው፤ ቡላ ማታ ከሥራ ሲመለስ በራችን ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጌታው ቢገርፈውም ቢለምነውም የፓፓያ ልጣጩንና የጎመን ግንዱን ሳይበላ ንቅንቅ አይልም። ቆርቆሮና ጠርሙሱ፣ ወረቀቱም፣ የቆራሌው የጋሽ ሰይድ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለቆሻሻ ጉድጓዱ የሚቀረው በእፍኝ የሚያዝ ነገር ነበር።

እኔ ግን ሁሉንም ባገኘሁት ዕቃ ውስጥ ወርውሬ እሮጣለሁ። እማዬ ከኋላዬ መጥታ፣ ሳትቆጣ፣ ከወረቀቱ ጆንያ ውስጥ የሽንኩርት ቅርፊት በሁለት ጣቷ ይዛ እንደ ሞተ አይጥ ከፍ አድርጋ ታሳየኛለች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቆሻሻ ነዋ!»

«ስትደባልቂው ነው ቆሻሻ የሆነው። ለየብቻው ሲሆን ዕቃ ነው።»

የሰፈሩ ልጆች በዚህ የተነሳ «የቆራሌው ምራት» ይሉኝ ነበር። ሁለቱን ደብድቤያለሁ፣ አንደኛዋ ደብድባኛለች።

ስለ ቤታችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጴንጤ ነበርን። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በሩ ላይ ወታደር ይቆም ነበር፤ አባዬ፣ ሆስፒታል ድሬሰር ነው፣ አንድ ጊዜ ከነነጭ ጋውኑ ተወስዶ ቀበሌ ዘጠኝ ቀን ታስሮ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ አማኞቹ ተራ በተራ በየሰው ቤት ይሰበሰባሉ፣ ለጎረቤት ልደት ነው ይባላል፣ እኔ በዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ የተወለድኩ ልጅ ነበርኩ። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ዛሬም መዝሙር ስሰማ በጣም ከጮኸ ግር ይለኛል፤ ለእኔ መዝሙር ማለት የብዙ ሰው ትንፋሽ፣ ከቆርቆሮው ሥር እንደ ዝናብ መጀመሪያ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነገር ነው። እማዬ እነዚያን መዝሙሮች አንድ ደብተር ላይ ጽፋቸዋለች። በጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት ተራ የተማሪ ደብተር። ጥፋቷ፣ ጥፋት ከተባለ፣ ከእያንዳንዱ መዝሙር ግርጌ ያስተማራትን ሰው ስምና የተማረችበትን ቤት መጻፏ ነው። ሰው ማመስገን ትወዳለች።

ፍተሻ ሲመጣ ፍራሽ ይቀደዳል፣ ዱቄት ይዘረገፋል፣ የአባዬ የሕክምና መጻሕፍት አንድ በአንድ ይራገፋሉ። ከኒሙ ሥር ያለውን ጆንያ ግን ማንም በእግሩ እንኳ ነክቶት አያውቅም። እማዬ ደብተሩን ከዚያ ታች፣ ከአሮጌ ጋዜጣና ከእኔ ዜሮ ካገኙ ወረቀቶች ሥር ትደብቀው ነበር፤ ጋሽ ሰይድ ሲመጣ ቀድማ ታወጣዋለች። ይሄን የሚያውቀው አባዬ ብቻ ነበር። እኔ አፌ ስለማያርፍ አልተነገረኝም። ልክ ነበሩ።

አንድ ማክሰኞ እማዬ ድንገት መርዶ ደርሷት ለቅሶ ወለንጪቲ ሄደች። ስትወጣ «ግቢውን አደራ፣ ምንም ነገር እንዳትደባልቂ» አለችኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ያን ዕለት ላስደንቃት ቆረጥኩ። አመዱን ነፋሁ፣ ጠርሙሶቹን አጠብኩ፣ ከጆንያው ውስጥ የሽንኩርት ቅርፊቴን ለቅሜ አወጣሁ፣ ላይ ላዩን ያለውን ወረቀት እያቃናሁ ደረደርኩና በሲባጎ አስሬ ተቀመጥኩ። ረቡዕ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ያ የሚጎተት ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጣ ረጅም ሰው ነው፤ በበጋም በክረምትም አንድ ኮት ይለብሳል፣ የኮቱ ኪሶች ሁሉ ቁልፍና ሚስማር ሞልተው ሲራመድ ይንሿሿል። የታሰረውን ጆንያ አየና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«ዛሬስ ሩት ናት ወይስ እህቷ?»

«እህት የለኝም።»

«ካለሽ እሷን ላኪልኝ። አንቺማ ባለፈው ሽንኩርት ነው ያስጫንሽኝ።»

በልዋጩ ከወተት ዱቄት ጣሳ ራሱ የሠራትን ኩባያ ሰጠኝ፤ ጆሮዋ በደንብ የተበየደ፣ አፏ እጅ እንዳይቆርጥ የተቀለበሰ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠማኝ ውኃ ጠጣሁባት።

እማዬ ሐሙስ ከሰዓት፣ ንፋሱ ሳይነሳ ገባች። ኩባያዬን ይዤ እየዘለልኩ ተቀበልኳት። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ዓይኗ ወደ ኒሙ ሄደ።

«ወረቀቱስ?»

«ለጋሽ ሰይድ ሰጠሁት! አስሬ፣ ደርድሬ! አንድ ሽንኩርት እንኳ የለበትም!»

እማዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። እንደ ሰው አልተቀመጠችም፤ የተሰቀለ ልብስ ከገመዱ ሲወድቅ እንደሚሆነው ነው የሆነችው። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ በስንት ጣዕሙ። «ኢንታላ ኮ» አለችኝ ብቻ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ በኦሮምኛ የምትጠራኝ ወይ በጣም ስትወደኝ ወይ በጣም ስትፈራ ነበር። ከዚያ እጄን ይዛ ስለ ደብተሩ ነገረችኝ። በደብተሩ ውስጥ የአሥራ ሰባት ቤት ስም እንዳለ ነገረችኝ። ኩባያዋ እጄ ውስጥ ከበደችኝ።

ወዲያው ወደ ጋሽ ሰይድ ቤት ሄድን። ከገበያው ጀርባ ያለችውን ያቺን ግቢ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስንት ጊዜ በሕልሜ ገብቼባታለሁ። የጠርሙስ ኮረብታ ነበር፣ አረንጓዴው ለብቻው፣ ቡኒው ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው፤ የከሰዓቱ ፀሐይ በነሱ ውስጥ አልፎ ግድግዳው ላይ ባለቀለም ውኃ የሚፈስ ያስመስላል። ኩራዝ ለመሆን የሚጠብቁ ጣሳዎች እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል። አሮጌ ጎማ በረባሶ ሆኖ፣ ጥንድ ጥንዱን በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ንፋሱ ሲነካው እግር የሌላቸው ሰዎች የሚራመዱ ይመስላል። የከተማው ጥራጊ ሁሉ እዚህ መጥቶ ስም አግኝቷል። ጥግ ላይ ወረቀት የሚቀመጥበት ቦታ ግን ባዶ ነበር።

ሚስቱ እት ከድጃ ወጣች። «ሰውዬውማ ደራ ገበያ ሄደ፣ ቅዳሜ ነው የሚመለስ። ምነው በደህና?»

«ወረቀት... በስህተት የተሰጠ ወረቀት ነበረኝ» አለች እማዬ፣ ድምጿን አስተካክላ።

«ወይ የኔ እናት፣ ወረቀቱማ ለቀበሌ ሱቅ ሄደ፣ ዛሬ በጠዋት። ቅዳሜ ስኳር ይታደላል አሉ አይደል? ለመጠቅለያ ነው። ደግሞ የምን ወረቀት ነው እንዲህ የሚያስደነግጥ? አብሽሪ!»

ነገሩ ይሄው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው በሙሉ ተሰልፎ ስኳሩን በእማዬ መዝሙሮች፣ ከነቤቱ ስም፣ ተጠቅልሎለት ሊቀበል ነው።

ዓርብን እንደ ጭጋግ ነው የማስታውሰው። አባዬ ከሥራ መጥቶ ሁሉን ሰማና ጫማውን አውጥቶ ኒሙ ሥር ቁጭ ብሎ ወለወለው፣ ወለወለው፣ ከዚያ ንጹሕ ካልሲ ውስጡ ከትቶ በሩ አጠገብ አስቀመጠው። ሰው ሊወስደው ሲመጣ በባዶ እግሩ ላለመሄድ ነው። እኔ ኩባያዬን ፓፓያው ሥር ቀበርኳት። ቡላ በራችን ላይ መጥቶ ቢቆም ልጣጭ የሚሰጠው አላገኘም፤ ጌታው ሁለት ጊዜ «ምነው ዛሬ? ምን በደለ?» ብሎ ጮኸ።

ቅዳሜ ገና ሱቁ ሳይከፈት እማዬና እኔ ሰልፉ ላይ ነበርን። እማዬ የስኳር ካርዷን በሁለት እጇ እንደ ሻማ ይዛዋለች። የሱቁ ሠራተኛ፣ አንድ ጓድ ዘለቀ የሚሉት ባለ ባጅ ሰው፣ ከጎኑ ከተከመረው ወረቀት እያነሳ ይጠመዝዛል፣ ይሰፍራል፣ ይሰጣል። እኔ ቆሞ መጠበቅ የማልወደው ልጅ፣ ያን ቀን ከሰልፉ ራስ እስከ ጅራት እየተመላለስኩ በሰው እጅ ላይ ያለውን ስኳር ሁሉ አነበብኩ። የሒሳብ ፈተና። ጋዜጣ፣ ትራክተር ያለበት። የእኔ የራሴ ቃል ጽሕፈት፣ ሦስት ከአሥር፣ በጎረቤታችን በወይዘሮ በላይነሽ እጅ። ከዚያ «ውድ ፍቅሬ ሆይ፣ ካየሁሽ ጀምሮ እንቅልፍ» የሚል፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስኳሩ ሸፈነው።

«አንቺ ልጅ፣ ስኳሬ ላይ ምን ታፈጫለሽ?» አለች ወይዘሮ በላይነሽ።

«እያነበብኩ ነው።»

«እሰይ! እናትሽ ደብተር ስትገዛልሽ አላነበብሽ፣ ዛሬ በእኔ ስኳር ጎበዝሽ!»

ሰልፉ ሳቀ። ጓድ ዘለቀም ሳቀ። እማዬም እንደ ሰው ለመሳቅ ከንፈሯን ከፈተች። ተራችን ደረሰ፣ የእኛ ስኳር በእንግሊዝኛ መልመጃ ተጠቀለለ። አልሄድንም። እማዬ የጫማዋን ክር እንደምታስር ሆና ዳር ቆመች፤ የምታደርገው ጫማ ክር አልነበረውም። ክምሩ ቀነሰ፣ አነሰ፣ የመጨረሻው ወረቀት ተነሳ፣ ጋዜጣ ነበር። ሱቁ ተዘጋ። ደብተሩ የለም።

መገላገል የሚመስለው ይሄ ከሁሉ የባሰ ነበር። ከስኳሩ ጋር ካልወጣ፣ አንድ ሰው አስቀርቶታል ማለት ነው።

ወደ ቤት ተመለስን። በራችን ጋ ስንደርስ ያ የሚጎተት ድምፅ ከኋላችን መጣ፣ «ቆራሌው!» ጋሽ ሰይድ ከደራ መመለሱ ነው፣ የአርሲ አቧራ ቅንድቡ ላይ ሳይራገፍ። ግራና ቀኝ አየና ወደ ኒሙ ጥላ ገባ። ሁልጊዜ ሚስማር ከሚያንሿሿው ኮት ውስጥ፣ ከደረቱ በኩል፣ ደብተሩን አወጣው።

«እት አያንቱ፣ ይቺ በስህተት ወጥታ ነው።»

እማዬ ደብተሩን አልተቀበለችውም፤ መጀመሪያ ሁለት እጁን ያዘች። «ጋሽ ሰይድ... አንብበውታል?»

«የፈጣሪ ስም አለበት፤ የሰውም ስም አለበት። ሁለቱም ለስኳር አይሆኑም።» ኮቱን ቆለፈ። «ቤት ትቼው እንዳልሄድ ከድጃ ማንበብ አትችልም፣ መጠቅለያ ታደርገዋለች። ይዤው ደራ ገበያ ዋልኩ።»

ያን ጊዜ አልገባኝም፤ በኋላ እማዬ በየሳምንቱ ጆንያውን እኔው ራሴ ተሸክሜ እንዳደርስ ስታደርገኝ ነው ያየሁት። ጋሽ ሰይድ አልጋው ሥር አንድ የዘይት ቆርቆሮ ነበረው። የቁርዓን ቅዳጅ፣ የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ወረቀት፣ ከኛ ሰዎች የወጣ ቁራጭ ጥቅስ፣ ከየቤቱ ወረቀት ላይ ላዩን ዓይኑ የገባውን ሁሉ ለቅሞ እዚያ ያኖራል፣ ሲሞላ ሰው የማይረግጠው ቦታ ይቀብረዋል። እንዴት ለይተው ያውቃሉ ብዬ ስጠይቀው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቀበሌ በግድ መሠረተ ትምህርት አስገብቶ ፊደል አስቆጠረኝ እኮ! ማታ ማታ እያንቀላፋሁ ተማርኩት። ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።»

የዚያን ቀን ግን፣ ኒሙ ሥር፣ እማዬ ምን ላድርግልዎ ብላ ስትለምነው፣ ወደ እኔ ዞሮ ጣቱን ቀሰረ።

«የዚህች ልጅ ሥራ ነው ያተረፋችሁ። የሌላው ቤት ወረቀት ወጥ የነካው፣ አመድ የነካው ነው፣ ማን ገልጦ ያያል? እንዳለ ነው የምወረውረው። ያንቺ ጆንያ ግን ደርቆ፣ ተደርድሮ ስለመጣ ተቀምጬ አንድ በአንድ ገለጥኩት።»

ስለዚህ በዚያ ሳምንት ቤታችንን ያጠፋሁትም ያዳንኩትም እኔ ነኝ። አባዬ ጫማውን ከበሩ አነሳ። እኔ ኩባያዬን ከፓፓያው ሥር ቆፍሬ አወጣሁ። ቡላ ድርሻውን በላ።

ዛሬ እማዬ ያን ደብተር በእጇ ይዛ፣ በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ጸሎት ቤት፣ በድምፅ ማጉያ ትዘምራለች። ደስ ይላል፤ አይደለም የሚል ካለ ያን ዘመን አላየም። ጋሽ ሰይድ እግሩ ሲከዳው ደሴ ወዳለው ልጁ ሄደ፣ ሲሰናበተን ያንኑ ኮት ለብሶ ነበር። ኒሙ ለመንገድ ማስፋፊያ ተቆረጠ። እኔ የምኖርበት ኪራይ ቤት በር ላይ አንድ ፌስታል ይንጠለጠላል፤ አመዱም፣ ልጣጩም፣ ጠርሙሱም፣ ወረቀቱም እዚያው ይገባል፣ እኔው ነኝ የማስገባው፣ ማንንም አልወቅስም። ማለዳ መኪና ይመጣል፣ ወይም አይመጣም፤ ካልመጣ ተከራዩ ሁሉ ቦይ ውስጥ ያቃጥለዋል፣ የከሰዓቱ ንፋስ ደግሞ ያልተቃጠለውን ወስዶ በወለንጪቲ መንገድ ግራርና እሾህ ላይ ይሰቅለዋል። ባለፈው የጎረቤቴ ፍየል ሞታ ስትቀደድ ሆዷ ውስጥ ሙሉ ፌስታል ተገኘ። ባልዲ ቢኖረኝ ድርሻዋ ልጣጭ ነበር።

ለውዙን በልቼ ጨረስኩ። ወረቀቱን ግን መጣል አልቻልኩም። «ስሜ ሐና ነው» ይላል በነዚያ በሚዘልሉ ፊደሎች። «የእናቴ ስም ብርቱካን ነው። የአባቴ ስም ከበደ ነው። የምንኖረው አዳማ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።» መምህሩ በቀይ «በጣም ጥሩ» ብሏል። የፈጣሪ ስም አለበት፤ የሰውም ስም አለበት። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ቤት ገብቼ ላስቀምጠው ባልኩ ቁጥር እጄ ይቆማል፤ የት እንደማኖረው አላውቅም።